ሰንበት የሚያከብረው ገደል

ዛሬ ድልድያችን ይገጥማል!

ከአልጋዬ ተነሣሁ ማለት አልችልም፤ ተፈናጠርኩ። ጫማዬን በር ላይ፣ ፀጉሬን መንገድ ላይ አሰርኩ። ቁርስ የሚባል ነገር መኖሩ ትዝ ያለኝ ማሳው ዳር ከደረስኩ በኋላ ነው። እናቴ ከኋላዬ «ትርንጎ! ባልዲውን የት ጥለሽው ነው የምትሄጂው?» ብላ ጮኸች። እኔ ምን ቸገረኝ። ዞር ስል ጉንዳኖቹ ባልዲውን አንሥተው ወደ ቦታው እየመለሱት ነበር።

ጉንዳን የምንለው ማሽኖቹን ነው። ውሻ ያክላሉ፣ እግራቸው ተቆጥሮ አያልቅም፣ ድምፅ የላቸውም። ሥራቸው አንድና አንድ ነው፤ መሬቱን ከካርታው ጋር ማስማማት። ድሮ መሬት እያዩ ካርታ ይሥሉ ነበር አሉ። ሲነግሩኝ ስቄያለሁ። አሁን ካርታው ይቀድማል። መንገዱም ቤቱም አጥሩም መጀመሪያ ካርታው ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያ ጉንዳኖቹ መጥተው መሬቱን እንደዚያው ያደርጉታል። መሬትና ካርታ ካልተስማሙ ጥፋተኛው መሬቱ ነው። ስለዚህ ይታረማል። ባልዲው ካርታው ላይ ከበሩ በስተቀኝ ከሆነ በስተቀኝ ነው፣ አለቀ። አባቴን አንድ ቀን ግቢ ውስጥ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሎት ከነወንበሩ ሳሎን አስገብተውታል። ሳይነቃ! ነፍስ ያለውን ነገር ራሱን አያነሡም፤ ነፍስ ያለው ነገር የተቀመጠበትን ግን ቀስ አድርገው ይወስዱታል። ለዚህ ነው እኛ ሠፈር ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ መጀመሪያ ግድግዳውን በእጁ ነካ የሚያደርገው። ልማድ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም።

እኔ ትምህርትን ሰባተኛ ክፍል ላይ በቃኝ አልኩት፣ እሱም ቆይ አላለኝም። አሁን ግን ደረቴ ላይ «የምድር ዳታ ባለሙያ፣ ጀማሪ» የሚል ባጅ አለ። «ጀማሪ» የምትለዋን በፀጉሬ ጫፍ ነው የምሸፍናት። ሥራዬ የብረት ዘንግ ይዤ በየጠዋቱ መነሻ ድንጋዩ ላይ ማቆም ነው። መነሻ ድንጋይ ማለት ካርታው መቁጠር የሚጀምርበት ድንጋይ ነው። የእናቴ ባልዲ፣ የኔ አልጋ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል፣ ድልድዩ፣ ሁሉም የተጻፈው «ከድንጋዩ ይህን ያህል ርቆ» ተብሎ ነው። ድንጋዩ ራሱ ግን ከምንም አይለካም። ድንጋዩ አይንቀሳቀስም። ሕግ ነው። ዘንጉን ሳቆምበት ጫፉ ላይ ያለው መብራት አረንጓዴ ይሆናል፤ ያኔ ካርታው «እሺ፣ ዛሬም መሬቱ ቦታው ላይ ነው» ብሎ ሥራ ያስጀምራል። እስቲ አስቡት፣ ይህ ሁሉ አገር የኔን እጅ ጠብቆ ነው የሚንቀሳቀሰው! ይህን ሥራ ከያዝሽ ወዲህ አገጭሽ ከፍ ብሏል ይለኛል አባቴ። ብሏል። ምን ይደረግ?

ሠፈራችን ሾላ ገደል ይባላል፣ የወንጭት ሸለቆ አፍ ላይ ነው። ማዶ ደግሞ ጎሽ ውሃ አለ። ዶሯቸው ሲጮኽ ይሰማናል፤ እነሱ ጋ ለመድረስ ግን ቀኑን ሙሉ ወርዶ ሌላ ቀን ሙሉ መውጣት ነው። ጎሽ ውሃ ሰርግ የተጠራ ሰው ለመልሱ ነው የሚደርሰው። አሁን ጉንዳኖቹ ከሁለቱም ጠርዝ አንድ አንድ ክንድ እየሠሩ፣ ክንዶቹ አየር ላይ እየረዘሙ መጥተው፣ ዛሬ መካከል ላይ ሊጨባበጡ ነው!

«ሾላ ገደል፣ ሾላ ገደል!» አለ ሬዲዮዬ። «ተነሥታችኋል ወይስ ጉንዳን ከነአልጋችሁ ይጎትታችሁ?»

ልዑልሰገድ ነው። በጎሽ ውሃ በኩል እንደኔ ዘንግ የሚይዘው እሱ ነው። ከስሙ ሌላ ልዑልነት አይታይበትም፤ ያውም ፊቱን በቅርብ አይቼው አላውቅም።

«እኛማ ተነሥተናል» አልኩት። «አንተ ፊትህን ታጥበሃል? በሩቅ ማያ መነጽሩ ሳይህ ልክ እንደ ትናንቱ ነህ።»

«ተመልከቺኝ ተመልከቺኝ። ለነገሩ ገደሉም እየጠበበ ነው። እኔን ለማየት ቸኩለሽ አንቺ ነሽ የምትስቢው አሉ።»

ስለ ገደሉ የቀለደው ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። የኛ ድንጋይና የነሱ ድንጋይ በየዓመቱ ይቀራረባሉ። ዳታው እንደዚያ ነው የሚለው። ከከተማ ምሁራን መጥተው አፈሩን ቀምሰው ሄደዋል፣ ሁለቱ ተራሮች አንዱ ወደ አንዱ እየሄደ ነው ብለው ጽፈዋል። አለቃዬ ኢንጂነር ማሕደር ራሷ የተመረቀችው በዚሁ በሚጠበው ገደል ላይ ጽፋ ነው። አንቱታ ያስረጀኛል ስላለችኝ አንቺ፣ ሲሻኝም ማሕዲ ነው የምላት። ትንሽዬ ናት፣ ስትራመድ ግን እኔ እሮጣለሁ፤ ኪሷ መቼም ቆሎ አያጣም።

«ዛሬ ማን ነው የሚያስገጥመው?» አለችኝ ቆሎ እየዘገነችልኝ።

«እኔ!»

«ማን?»

«የምድር ዳታ ባለሙያ ትርንጎ!»

«ጀማሪ» አለችና ፀጉሬን ከባጄ ላይ ገለጥ አደረገችው።

ድንጋዩ የቆመው በሁለት ማሳ መካከል ነው። ከላይ የጋሽ ይመኑ ማሳ ነው፣ ከታች ወደ ገደሉ የእትዬ ዘርፌ። የእትዬ ዘርፌ ቤት ደግሞ ከሁሉም ጫፍ፣ ጠርዙ ላይ ነው። ሁለቱ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ይጨቃጨቃሉ። ዛሬም ገና በጠዋቱ ጋሽ ይመኑ ማሳቸው ዳር ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል፣ እትዬ ዘርፌ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ እኔ መካከል ላይ ዘንጌን ይዤ አለሁ።

አቆምኩት። መብራቱ ቢጫ ሆነ።

እንደገና አቆምኩት። ቢጫ።

«ማሕዲ፣ ዘንጉ ታሟል።»

ከዘንጉ ውስጥ ያቺ ሁሌ የምታመሰግን ለስላሳ ድምፅ ወጣች። «ድልድዩ ከመቆለፉ በፊት በሾላ ገደል በኩል ያለው ሁሉ በመነሻ ድንጋዩ መሠረት ይታረማል። ማጠቃለያ እርምት ተጀምሯል። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።»

በሠፈሩ ያሉት ጉንዳኖች በሙሉ ባንድ ጊዜ ብድግ አሉ። እንዲህ ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም። ከዚያ አጥር መሄድ ጀመረ። የውሃው ታንከር፣ የትምህርት ቤቱ ሰንደቅ፣ የኛ ሽንት ቤት፣ ሁሉም ቀስ ብሎ፣ ፀሐይ ጥላን በምትገፋበት ፍጥነት፣ ወደ ገደሉ። እናቴ ከሩቅ ባልዲዋን ታቅፋ ከሽንት ቤቱ ጎን ስትራመድ አየኋት። ሌላው ሰው ወጥቶ ቆሞ ያያል። ማንም አልጮኸም። እርምት ነዋ፤ በእርምት ላይ አይጮኽም።

ማሕደር ታብሌቷን እያየች ፊቷ ተለወጠ። «ድንጋዩና መንደሩ አልተስማሙም። እስከዛሬ ልዩነቱ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ስለነበር ካርታው እያየ ያልፈው ነበር። ድልድይ ሲቆለፍ ግን ማለፍ ብሎ ነገር የለም። ሁሉንም ባንዴ ያርመዋል።»

«በምን ያህል?»

«ልኩን አያሳየኝም፤ ቢያንስ ግን አንድ ቤት በሚያክል ርቀት። ወደ ገደሉ።»

ሁለታችንም የእትዬ ዘርፌን ቤት አየን። ቤቱና ጠርዙ መካከል ያለው ቦታ አንድ ቤት አያክልም። ግማሹንም አያክልም። ጉንዳኖቹ ከመሠረቱ ሥር ገብተው አንሥተውታል፣ ቤቱ ከነጣሪያው፣ ከነደጃፉ፣ ደጃፉ ላይ ከተቀመጡት ከእትዬ ዘርፌ ጋር፣ እየተራመደ ነው።

ሮጥኩ።

«እትዬ ዘርፌ! ይውጡ! ቤቱ ገደል ሊገባ ነው!»

«አልወጣም!»

«ኧረ በማርያም!»

«በማርያም አትበይኝ! ይህ የይመኑ ሥራ ነው። እኔ ከቤቴ ከወጣሁ ነገ ማሳዬ ውስጥ ሽንብራ ዘርቶ አገኘዋለሁ።» ሻርፓቸውን አጠበቁና ወንበራቸውን የበለጠ ተመቻቹበት። «ይውሰደኝ። ከቤቴ ጋር ይውሰደኝ።»

ሬዲዮው ጮኸ። «ትርንጎ! ክንዳችሁ እየመጣብኝ ነው! ጫፉ ላይ ቆሜያለሁ፣ ሊገጥም ሳይሆን ሊወጋን ነው የሚመጣው! ምን አድርገሻል?»

«እኔ ምንም!»

«እንግዲያስ ማን ነው?»

ተመልሼ ስሮጥ ማሕደር ከካርታው ማእከል ጋር እየተነጋገረች ነበር። መነጋገር ከተባለ። «አስቁሙት እኮ ነው የምላችሁ! ቤት ውስጥ ሰው አለ!» ትላለች፣ ለስላሳዋ ድምፅ ደግሞ «ነዋሪዋ በጥንቃቄ እየተጓጓዙ ነው። በብርጭቆ ያለ ውሃ እንኳ አይፈስም» ትላታለች። «ከጠርዙ በኋላስ?» ስትላት «ጥያቄዎ በአክብሮት ተመዝግቧል» አለችና ተዘጋ።

«ካርታውን በአፍ አትከራከሪውም» አለችኝ ማሕደር። «በድንጋይ ብቻ ነው። ድንጋዩ ከቦታው ወጥቶ ከሆነ ቦታውን ማግኘት አለብን።»

«የት እንደነበር አልተጻፈም?»

«ካርታው ያረመውን ነገር ይሰርዛል። ትናንት የሚባል ነገር አያስቀምጥም። የቀረኝ መመረቂያዬ ላይ ገደሉ ጠበበ የተባለባቸው ቀናት ብቻ ናቸው። እስቲ ስሚኝ፣ ሳነበው ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ሁሉም ሰኔና ሐምሌ ነው። ዝናብ ይሆናል ብዬ ነበር። ግን ቅዳሜ የለም። እሑድ የለም። አሥራ ሁለት አንድም ጊዜ የለም። ሃያ አንድም የለም። ሃያ ሰባትም፣ ሃያ ዘጠኝም...»

ሳቄ ሳላስበው አመለጠኝ።

«ምን ያስቅሻል? ሰው ሊሞት ነው!»

«ማሕዲ! አሥራ ሁለት ሚካኤል ነው! ሃያ አንድ ማርያም! ገደሉ በዓል ያከብራል እንዴ?»

አየችኝ። አየኋት። ቆሎው ከእጇ ፈሰሰ።

«ሰው ነው» አለች።

«ሰው ነው። በሰኔ የሚያርስ፣ በበዓል የማያርስ...»

ቀስ ብለን ዞርን። ጋሽ ይመኑ ዱላቸውን እንደተደገፉ ሰማዩን ያያሉ። ሰማዩ ላይ ምንም አልነበረም።

«ጋሽ ይመኑ» አልኩ።

«እኔ ምንም አላየሁም።»

«ምንም አልጠየቅንዎትም እኮ።»

«አስቀድሜ ልመልስ ብዬ ነው።»

ማሕደር ጠጋ አለቻቸው። «አባቴ፣ ይህን ድንጋይ ነክተውታል?»

«የትኛውን ድንጋይ?»

«አንድ ድንጋይ ነው ያለው!»

«እሱማ የድንበር ድንጋይ ነው» አሉ ጋሽ ይመኑ፣ ደረታቸው ተነፋ። «ድንበር ሲገፋ ዝም ብሎ የሚያይ ወንድ አለ እንዴ? የዘርፌ ባል ነው ያቆመብኝ። መሬቴ ውስጥ፣ ጠዋት ስነሣ ቆሞ አገኘሁት።»

«እሱን ያቆመው ፕሮጀክቱ ነው!» አለች ማሕደር።

«ፕሮጀክት ይሁን ባሏ እኔ በምን ላውቅ? ድንጋይ ነው፣ ድንበር ላይ ነው። እኔ ደግሞ አልገፋሁም። መለስኩ። በየዓመቱ ሳርስ በትንሹ፣ ጎረቤት እንዳይቀየም በትንሹ ብቻ። ቡሬ ያልኩትን ሞተር ማረሻ ጠጋ አድርጌ፣ 'ና ቡሬ' ስለው እሱ ነው የሚገፋው።»

ማሕደር መሬት ላይ ተቀመጠች። ያለቀሰች መስሎኝ ነበር፣ ለካ እየሳቀች ነው። «መመረቂያዬ» ትላለች፣ «የሚጠበው ገደል... ከፕሮፌሰሩ ጋር አንድ ሌሊት ሙሉ ስለ አለቱ ዓይነት ተከራክረናል... ለካ ቡሬ ነው!»

«ማሕዲ፣ ቤቱ!»

ብድግ አለች። ቤቱ ማሳውን ሊጨርስ ነው። እትዬ ዘርፌ ደጃፋቸው ላይ እንደ ንግሥት ተቀምጠው ወደ ኋላ፣ ወደ እኛ፣ እያዩ ይሄዳሉ።

«ከድንጋዩ ሥር አለት ውስጥ የተመታ የብረት ሚስማር ነበረ» አለች ማሕደር እየተጣደፈች። «ድንጋዩ ቢሄድም ሚስማሩ እዚያው ነው። ዘንጉ ሚስማሩን ከነካ ካርታው ያምናል። ብረት መፈለጊያው እዚህ አይሠራም፣ ማሳው በሙሉ የድልድዩ ብረት ብናኝ ነው። ጋሽ ይመኑ፣ የት ነበር?»

ጋሽ ይመኑ ማሳቸውን አዩ። የሳቸው ማሳ ዘንድሮ በቆሎ ነው፣ ወገብ ይደርሳል፣ ያምራል። ከዚያ ወዳሁኑ ድንጋይ አዩ። ሲያሰሉ ያስታውቃል።

«እዚህ ነበር» አሉ። ከድንጋዩ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ።

ዶማዬን አነሣሁና ቆፈርኩ። ምንም። አፈር ብቻ።

«ጋሽ ይመኑ!»

«ትንሽ ወደ ላይ ይሆናል። ዓይኔ ደክሟል እኮ ልጄ።»

ትንሽ ወደ ላይ ቆፈርኩ። ሰውነቴ በላብ ራሰ፣ ፀጉሬ ተፈታ። ምንም።

«ዓይንዎ ከደከመ በቆሎው ውስጥ የገባችውን የኛን ፍየል ባለፈው ሳምንት ከዚያ ማዶ እንዴት አዩዋት?» አልኩኝ። አባቴ ቢሰማኝ ይገርፈኝ ነበር። «አንድ እርምጃ በሰጡ ቁጥር ነፍስዎ እየወጣ ነው አይደል?»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን...»

«ቤቱን ይዩት!»

የቤቱ ጓሮ ግድግዳ ከጠርዙ አልፎ አየር ላይ ወጥቷል። ጉንዳኖቹ እግራቸው የሚረግጠው ሲያጣ ከገደሉ ግድግዳ ላይ ተጣብቀው መሸከማቸውን ቀጠሉ። ምንም አልተንገጫገጨም። በእውነትም በብርጭቆ ያለ ውሃ አይፈስም ነበር። ከመላው ትዕይንት ያስፈራኝ እሱ ነው፤ እንዴት ያለ ጨዋ አወሳሰድ!

ጋሽ ይመኑ ሁለት እርምጃ ወደ በቆሏቸው ገቡና ቆሙ። «እዚህ... እዚህ አካባቢ...» አሉ፣ እግራቸውን ግን አላነሡም። የነገሩኝ ቦታ እንዳልሆነ ፊታቸው ላይ ያስታውቃል። እጄ ዶማው ላይ ቀረ።

ያኔ እትዬ ዘርፌ ከደጃፋቸው ተጣሩ። ልመና አልነበረም። እንደየቀኑ፣ የስድብ ድምፃቸውን ይዘው።

«አንተ ይመኑ!»

«ምን ትያለሽ አንቺ!»

«እኔ ገደል ከገባሁ ከነገ ወዲያ የማንን ድንበር ልትገፋ ነው?»

ጋሽ ይመኑ ዞር አሉ። ወደ ግራ አዩ፣ የሳቸው ማሳ ነው። ወደ ቀኝ አዩ፣ የሳቸው ነው። ወደ ላይም ሜዳ ነው፣ ሰው የለም። ከሳቸው ጋር የሚጣላ አንድ ሰው በዓለም ላይ ቢኖር እዚያ፣ አየር ላይ በተንጠለጠለ ቤት ደጃፍ፣ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ቆይ!» ብለው ጮኹ። «ቆይ አንቺ! ማን ሂጂ አለሽ!»

ከዚያ በቆሏቸውን እየሰባበሩ ሮጡ። እኔ ሽማግሌ እንደዚያ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም፣ በቆሎው ግራና ቀኝ ይወድቃል፣ ዱላቸው የት እንደቀረ እንጃ። እኔ ትንሽ ብዬ ስጠብቅ እሳቸው ይቀጥላሉ፣ ይቀጥላሉ፤ ማሕደር «እስከዚህ ድረስ?» እያለች ከኋላቸው ትሮጣለች። ማሳው መካከል ሊደርሱ ሲሉ ቆመው በተረከዛቸው መሬቱን መቱ።

«እዚህ! እግዜር ያሳያችሁ፣ እዚህ ነው!»

ቆፈርኩ። ሦስቴ ሳልመታ ዶማው ቀጭ አለ። በእጄ አፈሩን ጠረግኩት። አለት፣ አለቱ ውስጥ የዛገ የብረት አናት፣ የአውራ ጣቴን ጥፍር የሚያክል። ዘንጉን አቆምኩበት፣ ማሕደር እጇን በእጄ ላይ ጨመረች፣ ጋሽ ይመኑም ሳይጠሩ ጨመሩ።

ቢጫ።

ቢጫ።

አረንጓዴ!

እልል አልኩ! ምን ልበላችሁ፣ ገደሉ እልልታዬን መልሶ ላከልኝ። በሠፈሩ ያሉ ጉንዳኖች ሁሉ ቀጥ አሉ፣ ከዚያ ባንድ ላይ ዞሩ። የእትዬ ዘርፌ ቤት የመጣበትን መንገድ ይዞ፣ በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ጨዋነት፣ ወደ ቦታው መመለስ ጀመረ። እትዬ ዘርፌ አንዴም ከወንበራቸው አልተነሡም። በኛ ፊት ሲያልፉ ጋሽ ይመኑን ከላይ እስከ ታች አዩዋቸውና «እስከዚያ ድረስ ነው ለካ የበላኸኝ» አሉ። ጋሽ ይመኑ ጫማቸውን አዩ።

«ትርንጎ!» አለ ሬዲዮው። «ክንዳችሁ ተመለሰ፣ አሁን እየመጣ ነው፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ኧረ ድረሺ ይገጥማል!»

ዘንጉን ለማሕደር ሰጥቼ ሮጥኩ። ከሥሬ የወንጭት ወንዝ እንደ ክር ነው፣ ነፋሱ ቀሚሴን ይጎትታል፣ ምን ገዶኝ! ክንዳችን መጨረሻ ላይ ስደርስ በሁለቱ ክንዶች መካከል የቀረው ስንዝር ነበር። ከዚያ ጣት። ከዚያ ምንም። ድምፅ አልነበረውም። እግሬ ሥር ግን ትንሽ እንደ መተንፈስ ያለ ነገር ተሰማኝ። ስንት ዘመን ሰርጋቸው ያመለጠን ሰዎች ደጅ በእግሬ ሄጄ ቆምኩ!

ልዑልሰገድ ፊት ለፊቴ ነበር።

«አጭር ነህ!» አልኩት።

«ከሩቅ ቀይ ነበርሽ» አለኝ። «አሁን ጭቃ ብቻ ነሽ።»

ሳቅን። በሳቃችን መካከል ባጄ ጮኸና መስኮቱ ላይ ጽሑፍ አወጣ። ካርታው ጥያቄ አለው፦ «መነሻ ድንጋዩን ከቦታው ያንቀሳቀሰው ምንድን ነው? ይምረጡ።» ውሃ፣ ናዳ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የዛፍ ሥር፣ ፍልፈል። አለቀ። «ሰው» የሚል የለም።

ለማሕደር በሬዲዮ ነገርኳት። «ፍልፈል ልበለው እንዴ? ከሁሉም ለጋሽ ይመኑ የሚቀርበው ፍልፈል ነው።»

«አይሆንም! ፍልፈል ካልሽው ጉንዳኖቹ መርዝ ይረጩባቸዋል!»

«ዝም ብዬ ብተወውስ?»

«ካልመለስሽ እርምቱን እንደገና ይጀምረዋል።»

ዛፍ ካልኩ ይቆርጧቸዋል። ውሃ ካልኩ ቦይ ይቆፍሩላቸዋል፣ እሱም ጥሩ አይደለም። ናዳ ምን እንደሚደረግበት ጠየቅኳት፤ «ደጋፊ ግንብ ይሠራበታል» አለችኝ። ግንብ ሰው አይገድልም። ናዳ አልኩ። ካርታው «ናዳው አሁን የት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ናዳው እሳቸው ናቸውና የጋሽ ይመኑን የነዋሪ ቁጥር አስገባሁለት። «እናመሰግናለን» አለኝ።

በማግሥቱ ሠፈሩ ሁሉ ድልድይ ሊሻገር ነጭ ለብሶ ሲወጣ ጋሽ ይመኑ ከቤታቸው ወጡ። የሁላችንም ባጅ፣ ሬዲዮ፣ የትምህርት ቤቱ ደወል፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ጮኸ። «ናዳ እየቀረበ ነው። እባክዎ ከመንገዱ ገለል ይበሉ።» ሰው ገለል አለ። ምን ያድርግ? ጋሽ ይመኑ ባዶ መንገድ ላይ ብቻቸውን መጡ፣ ከኋላቸው ድንጋይ የተሸከሙ ጉንዳኖች ተሰልፈው ተከተሏቸው። ለሰላምታ ሲቆሙ ጉንዳኖቹ በዙሪያቸው ግንብ መካብ ይጀምራሉ። ሲራመዱ አፍርሰው ይከተላሉ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ጸሎታቸው ትንሽ ስለረዘመ እስከ ጉልበታቸው ተገንብቶባቸው በሰው እጅ ወጡ። ካህኑ ራሳቸው መስቀሉን ያሳለሟቸው ከሩቅ ነው።

«አዝናለሁ ጋሽ ይመኑ» አልኳቸው። «ማሕደር እንዲሰረዝ ጠይቃለች። ጥያቄው በአክብሮት ተመዝግቧል።»

ጉንዳኖቹን አዩ። የሚክቡትን ድንጋይ በእጃቸው ነካ ነካ አደረጉት። ጥሩ ጥርብ ድንጋይ ነው። ከዚያ ወደ ማሳቸው አዩ፣ ድንበሩ ወዳለበት። እንዳለፈው ጊዜ ሲያሰሉ ያስታውቃል።

ድልድዩንም አልተሻገሩ፣ ጎሽ ውሃንም አላዩ። በርጩማቸውን ከቤት አውጥተው ማሳቸው ጫፍ ላይ፣ እሳቸው ድንበሬ ነው ከሚሉት መሥመር ላይ አስቀመጡና ተቀመጡበት። ጉንዳኖቹ ከፊታቸው ግንብ መካብ ጀመሩ። ወገብ ሲደርስ ጋሽ ይመኑ በርጩማቸውን አንሥተው አንድ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ። ትንሽ፣ ጎረቤት እንዳይቀየም። ግንቡ ተከተላቸው፤ ይሄኛውን ግን ማፍረሱን ትተውታል፣ ካርታው «ናዳው በመሥመሩ ላይ እየሰፋ ነው» ብሏቸዋል።

እትዬ ዘርፌ በራቸውን ከፍተው አዩ። ሻርፓቸውን ጣሉ። ወንበራቸውን በአንድ እጃቸው አንጠልጥለው ማሳውን አቋርጠው መጡና ከግንቡ ወዲህ፣ ጋሽ ይመኑ ፊት ለፊት፣ አፈሩ ላይ ደለቅ አድርገው ተቀመጡ።

«ትርንጎ!» ብለው ጮኹ፣ ድልድዩ ላይ ድረስ ተሰማኝ። «ነይ ቶሎ! እኔንም ናዳ ብለሽ መዝግቢኝ!»